ነፋሱ ካለፈ በኋላ በራችንን ማን ያንኳኳል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የጤና ንግግር)



የጤናውን ክፍል እንድናገር ስታዘዝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ሁለቱንም አነሳለሁ። የማነሳቸው ግን መብራት በጠፋበት፣ ሊፍት በቆመበት፣ ፋርማሲ በተዘጋበት ሳምንት ውስጥ ነው። ርዕሴ የምንኖርባቸውን መንታ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስንና ሴንት ፖልን፣ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታቸው ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይሰነብታል የሚል ነው። በመጨረሻም ጉባኤው ዛሬ እንዲወስን የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ሁላችንንም ያስፈራን ብርዱ ነበር። ካፖርት ገዛን፣ መኪናችን ውስጥ አካፋ አስቀመጥን፣ ለመድነው። የሰመሩን ነፋስ ግን ገና የለመድነው አይመስለኝም። በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ሳይረኑ ሲጮኽ «ሙከራ ነው» ብለን ሥራችንን እንቀጥላለን። እውነተኛው ሲጮኽ ወደ ቤዝመንት መውረድ፣ ቤዝመንት ከሌለም መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም ኮሪደር መጠለል እንደሚገባ አብዛኞቻችን እናውቃለን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህ አካባቢ «አደጋው አልፏል» የሚል የሳይረን ድምፅ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ከጮኸ ማስጠንቀቂያው ቀጥሏል ማለት ነው እንጂ ውጡ ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ ሰው ያድናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1965 በአንድ ምሽት ስድስት ቶርኔዶዎች በመንታ ከተሞቹ አካባቢ ወረዱ። ፍሪድሊ በዚያው ምሽት ሁለት ጊዜ ተመታች። 13 ሰዎች ሞቱ፣ ከ600 በላይ ቆሰሉ። ሳይረኑና የሬዲዮው ማስጠንቀቂያ ባይኖር ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ በበለጠ ነበር ይባላል። ለነፋሱ ደቂቃዎች ከተማው ሰፊ ዝግጅት አለው። ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናትና ወራት ግን ትልቁ ዝግጅት ጎረቤት ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በእኛ ዘመን የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቶርኔዶው ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ተነሥቶ በጎልደን ቫሊ በኩል ሰሜን ሚኒያፖሊስን አቋርጦ ወደ ፍሪድሊ አለፈ። የተመደበው በኢኤፍ 1 ነው፤ ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ማለት ነው። በዚያው ቀን በሚዙሪ የጆፕሊንን ከተማ የመታው ግን ኢኤፍ 5 ነበር፤ ከ150 በላይ ሰዎችን ገደለ። የአገሩ ካሜራ ሁሉ ወደ ጆፕሊን ዞረ። ቢዞርም አይፈረድበትም።

ይሁንና «ትንሽ» የተባለው የእኛ ነፋስ ከ3,000 በላይ ቤቶችንና ሕንፃዎችን ጎዳ። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ ዛፍ ወድቆበት ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው በየጣሪያው ላይ ተጋደሙ። ሰፈሩ ከነፋሱ በፊትም ባንክ ቤቶችን በዕዳ በሚወስድበት ቀውስ የተጎዳ ነበር፤ ብዙው ነዋሪም ተከራይ ነው። ክፍለ ግዛቱ ለተጎዱት ቤተሰቦች የሚሆን የፌዴራል እርዳታ ጠየቀ፤ ፌማ ለመንገድና ለመሳሰለው ለሕዝብ ንብረት ጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ፈቅዶ ለቤተሰቦች የሚሰጠውን ከለከለ። ምክንያቱን ልብ በሉት። ሚዛኑ አንድ ቤተሰብ ምን ያህል ተጎዳ የሚል አይደለም፤ ጉዳቱ ከክፍለ ግዛቱና ከከተማው አቅም በላይ ነው ወይ የሚል ነው። ጣሪያህ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ሳለ አደጋው በወረቀት ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ዓመት ካለፈ በኋላም ሰማያዊ ሸራ የለበሱ ጣሪያዎች በሰሜን ሚኒያፖሊስ ይታዩ ነበር።

ታዲያ ሰፈሩን ማን ያዘው? የሚኒያፖሊስ ፋውንዴሽን የመዋጮ ቋት ከፈተ። የሰፈሩ ድርጅቶችና አብያተ ክርስቲያናት ምግብና ሸራ አከፋፈሉ። ሰው ከሌላ ሰፈር መጋዝና ጓንት ይዞ መጥቶ ዛፍ ቆረጠ፣ ፍርስራሽ ጠረገ። በእኛ ቋንቋ ደቦ ነው። የተደረሰለት ሰው ግን የሚያውቀው ሰው የነበረው ነው። ማንም የማያውቀው ተከራይ ዕቃውን በላስቲክ ቋጥሮ ወደ ዘመድ ሄደ፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ በተሰነጠቀ ጣሪያ ሥር ቆየ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ብዙ ሰው ሞት የሚመጣው ከነፋሱ ጋር ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው ሃሪኬን ፖርቶ ሪኮን ሲመታ መንግሥት መጀመሪያ የመዘገበው የሟች ቁጥር 64 ነበር። በዓመቱ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአደጋው በኋላ ባሉት ወራት የደረሰውን ሞት አጥንተው ቁጥሩን 2,975 ገመቱት፤ መንግሥትም ተቀበለው። ከ64ቱ በላይ ከተቆጠሩት ብዙዎቹን የወሰደው ነፋስ አልነበረም። መብራት ለወራት ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መድኃኒት አልቆ፣ የዲያሊሲስ ቀጠሮ አልፎ የሞቱ ናቸው። በዕድሜ የገፉትና ድሆቹ በዙባቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሲያትል አካባቢ ኃይለኛ ነፋስ መብራት አጠፋ። ብርድ ነበር። ሰው ቤት ውስጥ ከሰል አነደደ፣ ጋራዥ ውስጥ ጀነሬተር አስነሣ። ከ200 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ታከሙ፤ የሞቱም አሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡም ነበሩባቸው። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ በተለያዩ ቋንቋዎች ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደረሰ።

እናቶቼ፣ ይህን ስናገር የቡናችን ከሰል ትዝ እንዲላችሁ ፈልጌ ነው። አገር ቤት ከሰል የምናቀጣጥለው በር ከፍተን ነው፤ የጭቃው ቤትም ራሱ ይተነፍሳል። የሚኒሶታ አፓርታማ ግን ለብርዱ ተብሎ እንደ ጠርሙስ የተደፈነ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ አያስነሣም። መብራት ሲጠፋ ከሰልም ሆነ የባርቤኪው ምድጃ ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በተዘጋ በረንዳም አይነደድ። ጀነሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ከመስኮትና ከበር ፊቱን አዙሮ ውጭ ይሁን። በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሊኖር ይገባል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ፈልጉት፤ ባትሪውንም እዩት።

ሦስተኛው የቁስል ነገር ነው። ከጆፕሊኑ ቶርኔዶ በኋላ 13 ቁስለኞች በቁስላቸው በኩል በገባ ብርቅ የፈንገስ ኢንፌክሽን ታመሙ፤ ከእነሱ 5ቱ ሞቱ። ጭቃና ስንጥር ወደ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይሆናል። ፍርስራሽ ስታነሱ ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ምስማር ከወጋችሁ በንጹሕ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩት። የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት መቼ እንደተከተባችሁም እወቁ፤ ለአዋቂ በየ10 ዓመቱ ነው።

አራተኛው ለመርዳት የሚሮጥ ሰው ነገር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጠው ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጣን። በጆፕሊንም ሊረዳ ከሌላ ከተማ የመጣ ፖሊስ በማግሥቱ መብረቅ መትቶት ሞቷል። የኛ ሰው ሰው ሲጠራው አይቆምም፤ ይህ የሚያኮራ ጠባያችን ነው። ስንሮጥ ግን ቀና ብለን እንይ። የተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ እንደሆነ፣ ሽቦ ወድቆ እንደሆነ እንመልከት። የወደቀ ሽቦ ዝም ቢልም ሞቷል ማለት አይደለም። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁና 911 ደውሉ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ሲደውል «አማሪክ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይበል፤ አስተርጓሚ ይፈለግለታል።

አሁን ደግሞ እንዳልኳችሁ ወደ ስኳሩና ወደ ደም ግፊቱ ልመለስ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ደጋግማችሁ አትክፈቱት። ተዘግቶ ከቆየ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል፤ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ወጡ ቢያሳዝንም ይጣል፤ አሙቄ እበላዋለሁ አይባልም። ኢንሱሊን ግን እንደ ወጡ አይጣል። አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቀት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 28 ቀን ይቆያል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ የቀዘቀዘና የረጋ ኢንሱሊን ዋጋ የለውም። የደም ግፊት መድኃኒት የመጨረሻዋ ፍሬ እስክታልቅ አትጠብቁ፤ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑራችሁ። የመድኃኒቶቻችሁን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ ስልኩ ሲሞት ወረቀቱ አይሞትም። የኦክስጅን ማሽን፣ ለአስም የሚሆን ማሽን ወይም የእንቅልፍ መተንፈሻ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ኩባንያው ዘንድ በሐኪም ማስረጃ ይመዝገብ። ይህ ግን መብራቱ ቀድሞ ይመጣልኛል ማለት አይደለምና የሚሄድበት ሁለተኛ ቤት አስቀድሞ ይወስን።

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የነበረውን ማዕበል የምታስታውሱ አላችሁ። በመንታ ከተሞቹ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች መብራት ጠፋ፤ አንዳንዱ ሰፈር ለቀናት ጨለማ ሆኖ ቆየ። በዚያ ሰሞን ካየኋቸው ሰዎች አንዲት የእኛ አገር እናት ነበሩ። ነፋሱ አልነካቸውም፣ መስኮታቸውም አልተሰበረም። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ሊፍቱ ቆመ፣ ስልካቸው ሞተ፣ ልጃቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ናት። በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ብለው ውኃ መጠጣት አቆሙ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ግን እንደታዘዙ እየዋጡ ነበር፤ ያም ሽንት የሚያሸና ዓይነት ነው። ሲመጡ ሰውነታቸው ደርቆ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር። ያገኘቻቸው ከጎናቸው የምትኖር የሕሞንግ ሴት ናት፤ አንድ የጋራ ቃል እንኳ የላቸውም፣ ድምፅ ሲጠፋባት ጊዜ አንኳኳች። «ለምን ቀድመው አልጠሩም?» ስላቸው፣ «ሰው ላስቸግር እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሰው ላስቸግር እንዴ» የምትለዋ ንግግር ጨዋነት ናት፤ አሳድጋናለች። አገር ቤት ግን የምትሠራው ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። ጭስ ካልወጣ «ምነው ዛሬ?» የሚል ጎረቤት አለ። እዚህ ያ ጎረቤት ከሌለ ጨዋነቱ ብቻውን ይገድላል።

ስለ ቤትና ስለ ገንዘብም በአጭሩ ልበል፤ ጭንቀቱ ወደ እኛ ክፍል የሚመጣው ደም ግፊት ሆኖ ነውና። ተከራዮች ልብ በሉ፤ የአከራዩ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለሕንፃው ነው፣ ለእናንተ ሶፋና ልብስ አይደለም። የተከራይ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ከአደጋ በኋላ ምንም ከማንሣታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የቤት ባለቤቶች ደግሞ በማግሥቱ በር የሚያንኳኩ የጣሪያ ሠራተኞችን ጠንቀቅ በሉ። «ዲዳክቲብልህን እኔ እችልልሃለሁ» የሚል ካለ በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ነው። ፈቃዱን በክፍለ ግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ አትፈርሙ፤ ሙሉ ክፍያም በቅድሚያ አትስጡ። መጠለያ፣ ምግብ ወይም ሌላ እርዳታ ለሚፈልግ ሰው 211 ይደወላል።

ሌላው ስለ ልብ ነው። ከመካከላችን ጦርነት ያየ፣ በረሃ ያቋረጠ፣ ካምፕ የኖረ ሰው ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሳይረንና የሚፈርስ ነገር ድምፅ የዛሬን ብቻ አያመጣም። ከአደጋው ሳምንታት በኋላ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ቢቆጣ፣ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር እብደትም ድክመትም አይደለም። አስጠግቶ ማነጋገር፣ በጊዜ መተኛት፣ ልጆችን ወደ ተለመደው ትምህርታቸው መመለስ ይረዳል። ከወር በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ መጣሁ። በጉባኤያችን መካከል እንዲህ የሚል ሐሳብ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ «ማኅበራችን የተቋቋመው ለአገር ቤት ልማት ነው። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ለመደገፍ ነው የምናዋጣው። ሚኒሶታ ለሚነፍሰው ነፋስ ምን አገባን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአገር ቤት የተዋጣ ብር ለአገር ቤት ይሂድ። እኔም አንድ ዶላር አልጠይቅም።

የምጠይቀው መዝገብ ነው። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ20 ዓመት በላይ በየቤቱ እየዞሩ ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን፣ ያልተከተበውን ሕፃን ይመዘግባሉ። የምንደግፋቸው እነሱን ነው። እኛ ግን እዚህ ከመካከላችን ኢንሱሊን ማን እንደሚወስድ፣ ማን በኦክስጅን ማሽን እንደሚተኛ፣ ማን አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻውን እንደሚኖር አናውቅም። እድራችን ሰው ሲሞት የሚያደርገውን ያውቃል፤ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሰውየው ሳይሞት በፊት የሚነፋ ጥሩምባ ግን የለንም።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲወሰን አቀርባለሁ። አባላት በየሰፈራቸው ይከፈሉ፤ ብሩክሊን ፓርክና ብሩክሊን ሴንተር አንድ፣ ሰሜን ሚኒያፖሊስ አንድ፣ ደቡብ ሚኒያፖሊስ አንድ፣ ሴንት ፖል አንድ፣ ሌሎቹም እንደ ብዛታቸው። በእያንዳንዱ ሰፈር ከ10 እስከ 15 ቤተሰብ የሚጠራ አንድ ሰውና አንድ ምትክ ይመረጥ፤ በአገራችን ስም «ጥሩምባ ነፊ» እንበለው። የሚመዘገበው ጥቂት ነገር ነው፤ አድራሻና ፎቅ፣ የሁለት የቅርብ ሰዎች ስልክ፣ መብራት የሚፈልግ ማሽን፣ ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት፣ ደረጃ መውረድ መቻል አለመቻል፣ ትርፍ አልጋ ወይም መኪና መኖሩ። የሚመዘገበው የፈቀደ ብቻ ነው። ዝርዝሩም በቴሌግራም ወይም በቫይበር ግሩፕ አይለጠፍም፤ የሰው ሕመም ምሥጢር ነውና በወረቀት ሆኖ ሁለቱ ሰዎች ዘንድ ይቀመጥ።

ከባድ ነፋስ ባለፈ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥሩምባ ነፊው መጀመሪያ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል፤ የስልክ መስመር ሲጨናነቅ ጽሑፍ ይሻላል። ካልተመለሰለት ይደውላል። ያም ካልሆነ፣ መንገዱ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ቅርብ ያለው ሰው ሄዶ ያንኳኳል። እሱም ካልተቻለ 911 ተደውሎ ሰው እንዲያይ ይጠየቃል። በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ሚኒሶታ የከባድ አየር ሁኔታ ግንዛቤ ሳምንት አለው፤ የቶርኔዶ ልምምድም ይደረጋል። በዚያ ሳምንት እኛም መዝገቡን እናድሳለን፣ አንድ ጊዜ ተደዋውለን እንሞክረዋለን።

ለመዝገቡ ሌላ ጥቅምም አለው። ይህን ማኅበር በዓመት በዓመት የሚያቆሙት እነማን ናቸው? ማታ በነርሲንግ ሆም የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጣሪያው ቢነሣ ወይም ቢታመም መዋጮው ይቆማል፤ ያኔ የሚጎዳው አገር ቤት ያለው ጤና ጣቢያም ነው። እርስ በርስ መጠባበቅ ከልማቱ የተለየ ሥራ አይደለም።

ለመጀመሪያው ዓመት መዝገቡን ለማደራጀትና ጥሩምባ ነፊዎቹን ለማሠልጠን እኔና ሦስት የጤና ባለሙያ አባሎቻችን ጊዜያችንን እንሰጣለን። ቅጹ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ገጽ ነው። ጉባኤው ቢፈቅድ ዛሬ ምሳ ሳንበላ እንሞላው። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናትና አባት ካሉ አጠገባቸው ያለ ወጣት ይሙላላቸው፤ እግረ መንገዱንም የት እንደሚኖሩ ይጠይቃቸው።